ከውሻና ከመኪና ጋር ቤት ለመከራየት ሰፈር ሲመረጥ ምን ይታያል?

ባለውሻዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የሚከራይ ቤት እየፈለግሁ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን የ3 ዓመት ወንድ ውሻና 4.7 ሜትር የምትረዝም ስቴሽን ዋገን መኪና አለኝ። ሦስት ሰፈር ቀርቶኛል። አንደኛው መሀል ከተማ ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ፎቁ አሮጌ፣ መኪና የሚቆመው መንገድ ዳር። ሁለተኛው ከመናፈሻ አጠገብ ያለ አዲስ አፓርታማ ነው፤ ምድር ቤት ፓርኪንግ አለው፣ ኪራዩ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሦስተኛው ዳር ላይ ያለ ትንሽ ግቢ ያለው ቤት ነው፤ ከሥራ ይርቃል። በሥራ ቀን ለ9 ሰዓት ያህል ከቤት ውጭ ነኝ። ደላሎቹ ሁሉ "የውሻውም የመኪናውም ነገር አያሳስብሽ" ይላሉ። ከመፈረሜ በፊት በዓይኔ ምን ልይ? ምን ልለካ? ምን ልጠይቅ?

የማታ ዙር፦
ሰፈሮቹን በስም ባታወዳድሪ ይሻላል። አንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ ሁለት መንገዶች እንኳ ለባለ ውሻና ለባለ መኪና የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ማየት ያለብሽ ከቤቱ በር ዙሪያ ያለውን 300 ሜትር ነው፤ ያውም በሚከብደው ሰዓት። ደላላ ቤት የሚያሳየው ቀን ቀን፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ሆኖ ማቆሚያው ባዶ ሲሆን ነው።

አንቺ በሥራ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሂጂ። መጀመሪያ መኪናሽን ለማቆም ሞክሪ፤ ቦታ እስክታገኚ ስንት ደቂቃ እንደዞርሽና ከበሩ ምን ያህል እንደራቅሽ ጻፊ። ከዚያ ከሕንፃው በር ተነሺና ውሻው ከመተኛቱ በፊት የሚሸናበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ በእግርሽ ሂጂ። ሣር ወይም አፈር ይሁን፤ አስፋልት ላይ መሽናት እምቢ የሚል ውሻ ብዙ ነው። መንገዱ መብራት አለው? የእግረኛው መንገድ ሰው ከፊት ሲመጣ ውሻ ይዞ ለመተላለፍ ይበቃል? ከ1.5 ሜትር ካነሰ አንዳችሁ ወደ መኪናው መንገድ መውረዳችሁ ነው። የተሰበረ ጠርሙስ፣ የተጣለ አጥንት፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚሰበሰቡበት የቆሻሻ ገንዳ ካለ በግልጽ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው።

ርቀቱን በቀን አባዢው። ጤነኛ ትልቅ ውሻ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ መውጣት አለበት። ሣሩ 6 ደቂቃ ቢርቅ ደርሶ መልስ 12 ነው፤ በ4 ጊዜ 48 ደቂቃ ይሆናል። ይሄ ዋናው ሽርሽር ሳይቆጠር ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ሰፊ መናፈሻ ይልቅ 2 ደቂቃ ላይ ያለች ቁራጭ ሣር ለዕለት ኑሮ ትበልጣለች። መናፈሻውንም ቢሆን በሩ ላይ የተለጠፈውን ሳታነቢ አትመኚው። ውሻ ጭራሽ የማይገባበት አለ፣ በገመድ ብቻ የሚፈቅድ አለ፣ ሲመሽ የሚዘጋም አለ። ውሻ የሚከለክል መናፈሻ አጠገብ በመሆኑ ብቻ ኪራይ ከጨመርሽ ገንዘቡ ለአንቺ ከንቱ ነው።

ጎማና ባትሪ፦
የመኪናዋን ነገር እኔ ልጨምር። ሜትር ይዘሽ ሂጂ፤ ለአፓርታማው ደግሞ መኪናዋን ራሷን ይዘሽ ግቢ። "ፓርኪንግ አለው" ማለትና የአንቺ መኪና ይገባል ማለት የተለያዩ ናቸው።

በማኑዋሉ ላይ የሚጻፈው ወርድ ብዙውን ጊዜ ስፖኪዮን አይጨምርም። 1.80 ሜትር የተባለች መኪና ከስፖኪዮዋ ጋር 2 ሜትር ትደርሳለች ወይም ታልፋለች። በብዙ አገር አንድ የማቆሚያ መስመር ወደ 2.5 በ5 ሜትር ነው። ከጎኑ ምሰሶ ካለ ግን በር የሚከፈትበትን ቦታ ይበላዋል። በሹፌሩ በር በኩል ከ60 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከተረፈ መውጣት ትግል ነው። የአንቺ መኪና ደግሞ ውሻው የሚወጣው ከኋላ ነው። የኋላው በር ወደ ላይ ተከፍቶ አንቺም ቆመሽ ውሻውም ለመውረድ ቢያንስ 1 ሜትር ይፈልጋል። በኋላ ማርሽ ገብተሽ ከግድግዳ ጋር ካስጠጋሻት ውሻው አይወጣም። በአፍንጫዋ ስትገቢ የኋላው በር ወደ መተላለፊያው ይከፈታል፤ ይሄ ይሻላል። ሆኖም መኪና የሚያልፍበት ስለሆነ በሩን በአንዴ አትልቀቂው። በስንዝር ያህል ክፈቺ፣ እጅሽን አስገብተሽ ገመዱን ከደረት ማሰሪያው ጋር ቆልፊ፣ ከዚያ ክፈቺ። ውሻው "ቆይ" ሲባል መቆየት እስኪለምድ ድረስ በሩ ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ይከፈት።

ወደ ምድር ቤቱ መውረጃው ላይ ሁለት ነገር ያስቸግርሻል። አንደኛው ከፍታው ነው። ጣራው ላይ የሚጻፈው ገደብ 2 ሜትር ወይም 2.1 የሆነባቸው ብዙ ናቸው፤ መኪናዋ አናት ላይ የዕቃ ሣጥን ካሰርሽ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ሁለተኛው ቁልቁለቱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት እጥፋት ነው። እንደ ስቴሽን ዋገን ረዘም ያለች መኪና ላይኛው እጥፋት ላይ ሆዷ፣ ታችኛው ላይ የፊት ባምፐሯ ይነካል። ውሻ፣ ዕቃና ሰው ሲጫን የኋላው ዝቅ ስለሚል ባዶዋን ያለፈችው ተጭና ላታልፍ ትችላለች። በሙከራው ቀን ከባድ ነገር ጫኚባት። ኩርባው ላይ ያሉትን ምሰሶዎችም እይ። የተለያየ ቀለም ጭረት ከሞላባቸው ኩርባው ጠባብ ነው ማለት ነው።

መንገድ ዳር የሚቆም ከሆነ የመኪናሽ ርዝመት ላይ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ጨምሪ፤ ያለ ጭንቀት የምትገቢበት ክፍተት ያ ነው። ለአንቺ ወደ 6 ሜትር ይሆናል። ጠባብ መንገድ ላይ ትናንሽ መኪኖች የሚለዋወጡበት ክፍተት ለአንቺ ክፍተት አይደለም። የነዋሪ ፈቃድ የሚጠየቅበት ከተማ ከሆነ ለባለሥልጣኑ ራስሽ ደውዪና አድራሻውን እስከ ቤት ቁጥሩ ንገሪ። ፈቃዱ ለአንድ ቤት ስንት ነው? ተራ መጠበቅ አለው? መኪናዋ በአዲሱ አድራሻ መመዝገብ አለባት? ነዋሪዎቻቸው የመንገድ ዳር ፈቃድ እንዳያገኙ በሚል ስምምነት የተገነቡ አዳዲስ ሕንፃዎችም አሉ፤ ይህን አከራዩ ላያውቀው ይችላል። አካባቢው ላይ ስታዲየም፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የአምልኮ ቤት ወይም ገበያ ካለ እነሱ በሚሞሉበት ቀንና ሰዓት ተመለሺና እይ።

በሳምንት አንዴ ብቻ የምትነዱ ደግሞ ባትሪውን አስቡት። የቆመች መኪና ለማንቂያውና ለኮምፒውተሯ 50 ሚሊ አምፔር ብትስብ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ25 ቀን ግማሹን ያጣል። ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት የሚያሳየው ወደ 12.2 ሲወርድ ግማሽ ላይ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ መሰኪያ ካለና መጠቀም ከተፈቀደ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ስለዚህ ጠይቁ።

ባለውሻዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። እስካሁን ምድር ቤቱ ያለው አፓርታማ የሚሻል ይመስለኛል፤ ዝናብም ፀሐይም የለበትም። ለውሻው ግን ምድር ቤት ውስጥ ማለፍ የሚያመጣው ነገር አለ?

ከእንስሳት ክሊኒክ፦
አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበውም እሱን ነው። ከመኪና ራዲያተር የሚፈስ ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ። አብዛኛው ኩላንት ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዛማ ኬሚካል አለው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል። ያልተበረዘው 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሊገድል ይችላል። መሬት ላይ የፈሰሰውን ረግጦ መዳፉን መላሱም መግቢያ ነው። መጀመሪያ እንደሰከረ ይንገዳገዳል፣ ያስታውከዋል፣ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል። ከዚያ የተሻለው ይመስላል፤ ኩላሊቱ የሚጎዳው ግን በዚያ ጊዜ ነው። ማርከሻው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ ሳትቆዪ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ውሰጂው። ስለዚህ ማቆሚያውን ስታዪ ወለሉን በስልክ መብራት እይ። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ እርጥበት ካለና የሚያጸዳው ከሌለ አስተዳደሩ ደካማ ነው። የራስሽንም መኪና ኩላንት በየጊዜው ደረጃውን ተመልከቺ፤ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ፈስሶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የአይጥ መርዝ ነው። ግድግዳ ሥር የሚቀመጡ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥኖች ካየሽ ውስጡ ያለውን የመርዝ ስም ጠይቂና ስልክሽ ላይ ያዥው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ምልክቱ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ስለሆነ ውሻው ደህና ይመስላል። በጊዜ ከመጣ በቫይታሚን ኬ1 ይታከማል። ሐኪሙ ቶሎ የሚረዳው የመርዙን ስም ሲያውቅ ነው።

ሰፈሩን በበጋ ዓይን እይው። አየሩ 25 ዲግሪ ሲሆን ፀሐይ የመታው አስፋልት ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የውሻ መዳፍ ይቃጠላል። የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለ7 ሰከንድ ማቆየት ካልቻልሽ ለእሱም ሞቃት ነው። ከበሩ እስከ ሣሩ ድረስ ከሰዓት በኋላ ጥላ ያለው የትኛው ጎን እንደሆነ እይ፤ ጥላ የሌለው መንገድ በበጋ ውሻውን በጠዋትና በማታ ብቻ እንድታወጪው ያስገድድሻል። አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ ውሻ ላለው ሰው ይህ ብቻውን ሰፈር ያስቀይራል። መንገድ ላይ ለአንድ ጉዳይ ስትቆሚም ውሻውን መኪና ውስጥ አትተይው። ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ወደ 34፣ በግማሽ ሰዓት ወደ 43 ይደርሳል። መስኮቱን ትንሽ መክፈት የሚለውጠው ጥቂት ነው።

ውሻሽ 3 ዓመቱ ስለሆነ የሚከተለው አይመለከትሽም፤ ይህን ውይይት የሚያነብ ቡችላ ያለው ሰው ግን ልብ ይበል። ቡችላን የሚገድል የአንጀት በሽታ የሚያመጣው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የክትባቱ የመጨረሻ ዙር የሚሰጠው ከ16 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የብዙ ውሾች መፀዳጃ የሆነ ሣር ላይ ማውረድ አደገኛ ነው።

አጥርና በር፦
ሁሉም አፓርታማውን ይዞ ሄደ፤ እኔ ግን ግቢ ያለውን ቤት በቀላሉ ባትጥይው እላለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የታመመ ሆድ ያለውን ውሻ በር ከፍቶ ማውጣት መቻል ትልቅ ነገር ነው። መኪናዋም ውስጥ ታድራለች።

አጥሩን ግን በእጅሽ ነቅንቂው። 30 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ዘላይ ከሆነ 1.8 ሜትር ይሁን። ከአጥሩ ሥር መሬቱ የላላበትን ፈልጊ፤ ውሻ ከመዝለል ይልቅ መቆፈር ይቀለዋል። ከአጥሩ አጠገብ የተቆለለ እንጨት ወይም ጣውላ ካለ መወጣጫ ነው። ትልቁ ችግር የመኪናው በር ነው። ውሻ ከግቢ የሚጠፋው መኪና ሲገባ ወይም ሲወጣ ነው፤ አውቶማቲክ በር ደግሞ ለመዘጋት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ውሻው የሚቆይበት የግቢው ክፍል መኪናዋ ከምትቆምበት በትንሽ አጥርና በሁለተኛ በር መለየት ይችል እንደሆነ እይ። ካልተቻለ ሕጉ አንድ ነው፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት ውሻው ቤት ውስጥ ገብቶ ይዘጋበታል። ግቢ ውስጥ በኋላ ማርሽ ሲኬድ ጭምር።

አምስተኛ ፎቅ፦
በግቢው ላይ አልስማማም። ለ9 ሰዓት ብቻውን ግቢ የተተወ ውሻ አጥሩ ሥር ባለፈው ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ ጎረቤት ይማረራል፣ መጨረሻው አከራዩ ዘንድ ክስ ነው። ግቢ ሽርሽርን አይተካም፤ ውሻው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽታውን ጨርሶታል።

ስለ ፎቅ ደግሞ መታየት ያለበት ድምፅ ነው። ጥግ ላይ ያለ ቤት ከጎረቤት ጋር የሚጋራው ግድግዳ ያንሳል። ውሻው የሚውልበትን ክፍል የጎረቤት መኝታ ክፍል በማይነካው በኩል አስቢ። የውሻ ድምፅ በብዛት የሚወጣው በግድግዳው ሳይሆን ከመግቢያው በር ሥር ባለው ክፍተት ነው፤ ስልክሽን ውስጥ አስጮሂ፣ በሩን ዝጊ፣ ኮሪደሩ ላይ ሆነሽ ስሚ። ክፍተቱ በጎማ መዝጊያ ይደፈናል፤ ወጪው ቀላል ነው። ብቻውን ሲሆን የሚያላዝን ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከወጣሽ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለሆነ አሁን ባለሽበት ቤት ካሜራ አስቀምጠሽ ለአንድ ሰዓት ቅጂ። መልሱን ከመዛወርሽ በፊት ማወቅ ይሻላል።

ሊፍቱን ከውሻው ጋር ሞክሪው። ገመዱ ረዝሞ ውሻው ውጭ ቀርቶ በሩ ከተዘጋ ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ አንገቱ ይታነቃል፤ የሚገድል አደጋ ነው። ገመዱ እጅሽ ላይ ተጠቅልሎ ከ50 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፣ ውሻው ቀድሞሽ ይግባ፣ አንቺ በበሩና በውሻው መሀል ቁሚ። በደረጃ ለመውጣት ደግሞ ሊፍቱ በተበላሸ ቀን 30 ኪሎ ያረጀ ወይም የታመመ ውሻ ተሸክመሽ ስንተኛ ፎቅ ድረስ እንደምትችይ አስቢ። የበረንዳው ፍርግርግ ክፍተት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአንቺ ውሻ አያሰጋም፤ ለትንንሽ ውሻ ግን ሰፊ ስለሆነ መረብ ያስፈልገዋል።

የማታ ዙር፦
9 ሰዓቱን ማንም አልነካውም። በሦስቱም ቤት ቢሆን እኩለ ቀን አካባቢ አንዴ የሚያወጣው ሰው ያስፈልጋል። ሰፈር ስትመርጪ ይህም ይግባበት፦ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ የሚያወጣው ሰው መኪናውን ለግማሽ ሰዓት የሚያቆምበት ቦታ አለ? ጥበቃው ያስገባዋል? የሕንፃው በር በኤሌክትሮኒክ ካርድ ከሆነ ተጨማሪ ካርድ ይሰጣሉ? ዳር ያለውን ቤት ከመረጥሽ የጉዞው ሰዓት ተጨምሮ 9ኙ 10 ወይም 11 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሰውየው ግዴታ ነው።

ውል አንባቢ፦
እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር አለ። የአከራዩ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የራሱ ደንብ አለው፤ ደንቡ ውሻን የሚከለክል ወይም በክብደት የሚገድብ ከሆነ አከራዩ ቢፈቅድም ጎረቤት ሊያስወጣሽ ይችላል። የደንቡን ቅጂ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። "በኋላ እሰጥሻለሁ" ከተባልሽ አትፈርሚ።

ለአከራዩ አንድ ገጽ አዘጋጂ፦ የውሻው ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ከቀጣዩ ቀጠሮ ጋር፣ ከቆዳው ሥር የሚገባው የመለያ ቺፕ ባለ 15 አሃዝ ቁጥር፣ ከተቻለ የቀድሞ አከራይ አጭር ደብዳቤ። በሌላ ሰው ወይም ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ካለሽ ቅጂውን አያይዢ። ይህን የያዘ ተከራይና "ጨዋ ውሻ ነው" ብሎ የሚመጣ ተከራይ እኩል አይታዩም። ከተዛወርሽ በኋላ በቺፑ መዝገብ ላይ ያለውን አድራሻና ስልክ በመጀመሪያው ቀን አስተካክዪ፤ ውሻ መንገድ የሚጠፋበት አዲስ ሰፈር ሲገባ ነው።

የወለሉን ጭረት፣ የበሩን ታችኛ ክፍልና የግድግዳውን ጥጎች ከመግባትሽ በፊት ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺ፤ በዚያው ቀን ለአከራዩ በኢሜይል ላኪለት። ማስያዣ የሚያስቀረው ክርክር በብዛት የሚነሳው እነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ ነው።

ባለውሻዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ ማታ አፓርታማውንና ግቢ ያለውን ቤት መኪናዋን ይዤ አያለሁ፤ መሀል ከተማውን 6 ሜትር ክፍተት ስለማላገኝበት ትቼዋለሁ። ውል አንባቢ፣ ውሉ ላይ የሚገባውን ቃል በቃል ብትጽፍልኝ?

ውል አንባቢ፦
ይህን ተጠቀሚ፣ ያለሽበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ሰው ይመልከትልሽ፦ "አከራይ ተከራይዋ ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነና የቺፕ ቁጥሩ ከዚህ በታች የተመለከተ አንድ ውሻ በቤቱ ውስጥ እንድታኖር ፈቅዷል። ፈቃዱ ውሉ ሲታደስም ይጸናል። ውሻው ቢሞት በተመሳሳይ ክብደት ያለ ሌላ ውሻ በጽሑፍ በማሳወቅ መተካት ይቻላል። ተከራይዋ ውሻው ያደረሰውን ጉዳት ትጠግናለች፤ በተለመደ አጠቃቀም የሚመጣ መልፋት እንደ ጉዳት አይቆጠርም።" "ውሻ ይፈቀዳል" ብቻ ከተባለ ውሉ ሲታደስ ሊነሳ ይችላል።

ጎማና ባትሪ፦
ለመኪናዋም ከሥሩ ጨምሪ፦ "የማቆሚያ ቦታ ቁጥር" ብለሽ ቁጥሩን ጻፊ፣ "ዋጋው በኪራዩ ውስጥ የተካተተ ነው፣ አከራይ ያለ ተከራይዋ የጽሑፍ ስምምነት በሌላ ቦታ ሊቀይረው አይችልም።" ቁጥሩ ካልተጻፈ ከምሰሶው አጠገብ ያለውን ጠባቡን ይሰጡሻል። ሐሙስ ስትሄጂ ዕቃ መጫኑን አትርሺ፤ ላይኛው እጥፋት ላይ በጣም ቀስ ብለሽ እለፊ፣ መስኮቱን ክፈቺና ከሥር የሚፋቅ ድምፅ አዳምጪ።